ጋቢሽ ከሳጥን ወጥቷል

ለእማዬ፣

እንደ ደብዳቤ ደንብ «እንደምን አለሽ» ብዬ ልጀምር ነበር። ግን አንቺ ደኅና ነሽ፤ ወሬው የቀረብሽ የእኛ ነው። ከተለየሽን አንድ ክረምትና አንድ የቡና ለቀማ አልፏል። ክረምቱ ረጅም ነበር፤ ቦንጋን ታውቂያታለሽ፣ ዝናቡ አንዴ ከጀመረ ማቆሚያውን ይረሳል። ለቀማው ደግሞ ሰዉን ሁሉ ወደ ጫካ ወስዶት ሰፈሩ ጭር ብሎ ከረመ። አሁን ወንዙ ጠርቷል። የውሃ ጥምቀቱም ባለፈው እሁድ ተደርጓል። የምጽፍልሽ ስለ እሱ ነው።

ትምህርቴን ከስምንተኛ ካቆምኩ ወዲህ ብዙ ብዕር አልያዝኩም። ግን መናገር ከመጻፍ ይብስብኛል፤ ስለዚህ ይኸው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። አባዬ ደኅና ነው። ይሰብካል፣ የታመመ ይጠይቃል፣ ለቅሶ ይደርሳል። ሻይ ማፍላት ለምዷል፤ የስኳሩን ልክ ግን እስካሁን አላገኘውም፤ እኔና ትንሿ እህቴ ጽዮንም ዝም ብለን እንጠጣዋለን። የጽዮን የፊት ጥርሶች ወልቀው በቅለዋል፤ ትልልቅ ናቸው፣ ያንቺን ይመስላሉ። በስተመጨረሻ የተከልሻቸው እንሰቶች ከእኔ በልጠዋል። የጓሮውን በር አሁንም አንቆልፈውም። በፊት ለፊት መግባት የሚያፍር ሰው በዚያ ይመጣል ስትዪ ስለኖርሽ፣ ማናችንም መቀርቀሪያውን ለመዝጋት እጃችን አይታዘዝም። አንዳንዱ ሰው ሞትሽን ሳይሰማ ይመጣል። አንድ ቀን ከደካ የመጡ እናት በጓሮ ገብተው «እትዬ የሉም?» አሉኝ። በመልስ ፈንታ ወንበር ሰጠኋቸው። ወንበሩን ስሰጣቸው ገባቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቁጭ አሉና ብዙ አለቀሱ። እኔም አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቃቸው ሄዱ።

አሁን ወደ ጋቢሽ ልምጣ።

አያቴ ስትዳሪ የሰጠችሽ፣ በእጅ የተፈተለው ወፍራሙ ጋቢ። በብርድ ቀን ለብሰሽው አላየሁሽም። ሥራው ወንዝ ዳር ነበር። አባዬ ወገቡ ድረስ ውሃው ውስጥ ቆሞ ሲያጠምቅ፣ አንቺ ዳር ላይ፣ ያ ሰፊ ድንጋይ አጠገብ፣ ጋቢውን ዘርግተሽ ትቆሚ ነበር። ሰው ሙሉ በሙሉ ጠልቆ ሲወጣ ልብሱ ገላው ላይ ይጣበቃል። ለወንዶቹ ግድ የለም። ሴቶቹ ግን ያን ሁሉ ተመልካች ሲያዩ አንገታቸውን ይደፋሉ። አንቺ ዓይን ሳያርፍባቸው ትደርሺላቸውና ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ትጠቀልያቸዋለሽ። ትከሻቸውን በሁለት እጅሽ ታሺያቸዋለሽ። ልብስ ቀይረው ሲጨርሱ ጋቢው ለሚቀጥለው ሰው ይመለሳል። ወደ መጨረሻው ገደማ ጋቢው ከተጠማቂዎቹ የባሰ ይርሳል። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ማሞ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ነገር ይናገሩ ነበር፦ «የመጨረሻዋ ሴት ዕድለኛ ናት፤ ሁለት ጊዜ ትጠመቃለች። አንዴ በወንዙ፣ አንዴ በጋቢው።» አንቺም ሳትዞሪ ትመልሺላቸው ነበር፦ «ጋሽ ማሞ፣ እርስዎን ያኔ የሸፈነዎት ሰው የለም፤ ለዚህ ይሆናል እስከ ዛሬ የሚያጉረመርሙት።»

እኔ ከኋላሽ ነበርኩ፤ ጫማሽን ይዤ። ሰው ፊት መቆም እንደማልችል፣ በወጣቶች ጸሎት ተራዬ ሲደርስ ወደ ውጭ እንደምወጣ ታውቂያለሽ። አንድም ቀን አላስገደድሽኝም። «ጫማዬን የሚጠብቅልኝ ሰው ያስፈልገኛል» አልሽኝ። እዚያ ጫማሽን የሚሰርቅ ሰው እንደሌለ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። አንድ ጊዜ ከወንዝ ስንመለስ ግን እንዲህ አልሽኝ፦ «ያንቺ ተራ ሲደርስ ጫማዬን ጽዮን ትይዛለች። እኔ ድንጋዩ ጋ ቆሜ እጠብቅሻለሁ።» ብዙ ዓመት ያለን መስሎኝ ነበር።

ጋቢው አንድ ብቻ የሆነው ሌላ መግዛት አቅቶሽ እንዳልነበረ በኋላ ነው የገባኝ። ከጫካው ዳር እየኖሩ ከሰል አክስለው፣ እንጨት ተሸክመው ወደ ገበያ የሚያመጡትን ሰዎች አገሩ እንዴት እንደሚያያቸው ታውቂያለሽ። ደጅ ላይ ይሸጣሉ እንጂ ቤት አይገቡም። የሚጠጡበት ጣሳ ለብቻው ይቀመጣል። የወገናቸው ስም ከአፍሽ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም፤ በየስማቸው ነበር የምትጠሪያቸው። እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ። ከእነሱ የመጀመሪያዋ ሴት በተጠመቀች ዓመት፣ አንዳንዶች መጨረሻ ላይ ትግባ ሲሉ አንቺ መሃል ላይ አስገባሻት። ከእሷ ቀጥላ ከውሃው የወጣችው የአንድ መምህር ሚስት ጋቢውን ስታይ ቀጥ ብላ ቆመች። አንቺም ጋቢውን እንደዘረጋሽ ጠበቅሻት። ትንሽ ቆየችና እየተንቀጠቀጠች መጣች። ወደ ቤት ስንሄድ ለአባዬ «ብርድ ጥሩ ሰባኪ ነው» ስትዪው ሰምቻለሁ።

ከቀብሩ በኋላ የሴቶች ኅብረት ልብሶችሽን ሰብስቦ ለችግረኛ ሰጠ። ደስ እንደሚልሽ አውቄ እኔም አጣጠፍኩላቸው። ጋቢውን ግን ለይተው አስቀሩት። ከኅብረቱ እትዬ ዘነበች ወሰዱትና በበረኪና ደጋግመው አጠቡት፤ የወንዙ ጭቃ ጫፉ ላይ የተወው ቀይ ነገር ሁሉ ጠፋ። እንደ በረዶ ነጭ ሆኖ፣ ተተኩሶ፣ ሳጥን ውስጥ ገባ። «ይሄ የአገልግሎቷ መታሰቢያ ነው፤ ማንም እንዳይነካው» አሉ። ሁሉም አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ትክክል መስሎኝ ነበር። እትዬ ዘነበች እንደ እህት ይወዱሽ እንደነበር ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

ከዚያ የጥምቀት ትምህርቱ አለቀ። እኔም ተምሬያለሁ፤ ይሄን ስትሰሚ ፈገግ እንደምትዪ አውቃለሁ። የምስክርነቱ እሁድ ሁሉም ተራ በተራ እየተነሳ ተናገረ። ስሜ ሲጠራ ተነሳሁ። አግዳሚውን ያዝኩ። «ጌታን አውቀዋለሁ። ሌላ መናገር አልችልም» ብዬ ተቀመጥኩ። ሰዉ ምን ይል ይሆን ብዬ ስጠብቅ ጋሽ ማሞ ከፊት ወንበር ሆነው «እኛ ግማሽ ቀን የምንፈጅበትን ጨረሰችው» አሉ። ለጥምቀቱ አሳልፈውኛል።

በዚያው እሁድ እትዬ ዘነበች ማስታወቂያ ተናገሩ፦ እያንዳንዷ ተጠማቂ የራሷን ፎጣና የራሷን መቀየሪያ ይዛ ትምጣ። ነገሩ ንጹሕና ቀላል ነው፤ ክፉ ያሰበ ሰው አልነበረም። ለዚህ ነው ስህተቱ ምን ላይ እንደሆነ ቶሎ ያልታየኝ።

ያሳየችኝ ወርቂቱ ናት። ከማንኪራ መንገድ ዳር እየመጣች በጓሮ በር ገብታ ካንቺ ጋር መጽሐፍ ቅዱስ ታነብ የነበረችው ወርቂቱ። የእሷም ስም ከተጠማቂዎቹ ጋር ተነቦ ነበር። በገበያ ቀን ከሰል ልገዛ ሄድኩ። እንደ ሁልጊዜው አትረፍርፋ ሰፈረችልኝ።

«እሁድ እንገናኛለን» አልኳት።

«እናንተ ተገናኙ። እኔ ለሌላ ዓመት» አለች።

ለምን ብዬ ስጠይቃት ሳቀች። «ያለኝ ልብስ የለበስኩት ነው። እንደራሰች ዶሮ በሰዉ ሁሉ ፊት ልቁም? እናትሽ ብትኖር ትሸፍነኝ ነበር። አሁን ማን እጁን ይዘረጋልኛል?» ሌላ ገዢ መጣና ፊቷን አዞረች።

ከሰሉን ተሸክሜ ወደ ቤት ስወጣ ፎጣ ልስጣት ብዬ አሰብኩ። ቀላሉ እሱ ነበር። ግን መንገዱን ሳልጨርስ ተውኩት። እኔ የምሰጣት ፎጣ ለእሷ ብቻ የተለየ ፎጣ ይሆናል፤ ልክ እንደዚያ ጣሳ። ያኔ ነው ጋቢሽን ሳጥን ውስጥ ስናስቀምጥ ምን እንዳስቀመጥን የገባኝ። አንቺን ያከበርን መስሎን፣ የሠራሽውን አፈረስንብሽ።

ቤት ስገባ አባዬ ስብከቱን እያዘጋጀ ነበር። እጄን እንኳ ሳልታጠብ የሳጥኑን ቁልፍ እንዲሰጠኝ ጠየቅኩት። ለምን አለኝ። ጋቢውን ወደ ወንዝ ልወስደው አልኩት። መነጽሩን አወለቀ።

«ጋቢ ከሆነ ሌላ እንፈልጋለን» አለኝ።

«ሌላ ጋቢ ከወርቂቱ በኋላ አልለብስም ይሉታል። የእማዬን ግን ማንም አልለብስም አይልም።»

በሕይወቴ ከእሱ ጋር ተከራክሬ አላውቅም፤ እሱም ይሄን እያሰበ መሰለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ ውሃው ውስጥ ቆሜ ዞር ስል፣ ጋቢውን አይቼ እሷን ሳላያት እንዴት እሆናለሁ?» አለኝ። ግን እጄን አልሰበሰብኩም። ከሰል የነካውን እጄን እንደዘረጋሁ ቆምኩ። በመጨረሻ ቁልፉን ከኪሱ አወጣው። እማዬ፣ ከቀብርሽ ቀን ጀምሮ ኪሱ ውስጥ ነበር ለካ።

«ማን ይይዘዋል?» አለኝ።

«እኔ።»

«አንቺም እኮ ተጠማቂ ነሽ። አንቺን ማን ያለብስሻል?»

«መጨረሻ ላይ እገባለሁ» አልኩት። የጠየቀኝ ሌላ እንደሆነ አውቃለሁ። መልሱን ግን አላውቀውም ነበር።

ሳጥኑን ስከፍት ያንቺን ሽታ እየጠበቅኩ ነበር። የሸተተኝ በረኪና ነው። ማልቀስ ፈለግኩና ትቼው ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። በማግስቱ የማንኪራን መንገድ ይዤ ጫካው አፍ ድረስ ሄድኩ። ወርቂቱ እንጨት እያሰረች ነበር። «ጋቢውን እኔ እይዘዋለሁ። ነይ» አልኳት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «አንቺ? ሰው ባየሽ ቁጥር እናትሽ ቀሚስ ሥር የምትደበቂዋ?» አዎ እኔ አልኳት። «እንግዲያውስ ይሄን ለማየት ስል እመጣለሁ» አለች።

እሁድ ውሃው ከታች ያለው ጠጠር እስኪታይ ጠርቶ ነበር። ከሺሺንዳ በኩል የመጡ እንግዶችም ስለነበሩ ዳሩ በሰው ሞልቷል። እትዬ ዘነበች ጋቢውን በእጄ ሲያዩ ደነገጡ። «ምነው ልጄ፣ ያንን የመሰለ ነጭ ጋቢ ጭቃ ልታስነኪው?» አሉኝ። «እማዬም ታስነካው ነበር» አልኩ፤ ድምፄ ግን አልወጣም መሰለኝ። ለእኔ ብለው ትልቅ አዲስ ፎጣ ገዝተው መጥተው ነበር። ይሄንንም ልንገርሽ፤ ሰው ክፉ አይደለም።

ጫማዬን ለጽዮን ሰጠኋትና ድንጋዩ አጠገብ ቆምኩ። ከኋላሽ ሆኜ ሳየው ቦታው ሰፊ ይመስለኝ ነበር፤ ጠባብ ነው፣ ያዳልጣልም። የመጀመሪያዋ ሴት ስትወጣ ጭንቅላቷን ጭምር ሸፈንኳት። ከዚያ እየለመድኩት ሄድኩ። ወርቂቱ መሃል ላይ ገባች። ስትወጣ ዓይኗ እኔን ብቻ ነበር የሚያየው። ጠቀለልኳት። እንዳንቺ ትከሻዋን አሸሁላት። ጭስ ጭስ ትሸታለች። ጆሮዬ ላይ «እውነትም አልተደበቅሽም» አለችኝ።

ከእሷ ቀጥላ የወጣችው ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች የባንክ ሠራተኛ ነበረች። የአገሩን ነገር ስለማታውቅ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ሮጣ ጋቢው ውስጥ ገባች። ቀጥላ ደግሞ የእትዬ ዘነበች ምራት ወጣች። ውሃው ውስጥ ቆማ ወደ አማቷ አየች። እትዬ ዘነበች ወደ ጋቢው አዩ። እኔ እንደዘረጋሁት ቆምኩ። ልጅቷ ቀስ ብላ መጣችና ገባች። ብርድ አሁንም ሥራውን አልተወም፣ እማዬ።

የእኔ ተራ ሲደርስ ጋቢውን ለወርቂቱ አቀበልኳትና «ያዥልኝ» አልኳት። ገባሁ። አባዬ ስሜን ሲጠራ ድምፁ ተሰበረ። ጀርባዬን የያዘኝ እጁ ግን የጸና ነበር። ስጠልቅ ጆሮዬን ውሃው ሞላው፤ የሰማሁት ነገር ቢኖር የራሴን ልብ ነው።

ወደ ዳር ስዞር ወርቂቱ ጋቢውን ደረቷ ላይ አቅፋ መሬት መሬት እያየች ነበር። አልዘረጋችውም። ለእሷ ሰው ይዘረጋል እንጂ እሷ ለሰው ዘርግታ አታውቅም፤ ያውም ለመጋቢ ልጅ። እትዬ ዘነበች አዲሱን ፎጣ ከፍተው ወደ እኔ መጡ። ራሴን ነቀነቅኩላቸው። ጉልበቴ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆምኩ። ቀሚሴ ገላዬ ላይ ተጣብቋል፤ ዳሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ያየኛል። ዕድሜዬን ሙሉ የፈራሁት ይሄንን ነው። የምሞት መሰለኝ። አልሞትኩም። ወርቂቱን እያየሁ ጠበቅኩ። አባዬ ከኋላዬ አልገፋኝም፣ አልጠራኝም።

ዝምታውን የሰበሩት እትዬ ዘነበች ናቸው። ፎጣውን አጥፈው ብብታቸው ሥር ወሸቁና፣ ምራታቸውን በሚቆጡበት በዚያው ድምፅ፣ «ወርቂቱ፣ ልጅቷ በብርድ ልታልቅ ነው እኮ። ምን ትጠብቂያለሽ፣ አልብሻት እንጂ» አሉ።

ስሟን ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ለወርቂቱም መሰለኝ፣ ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ ጋቢውን ዘረጋችው። ወጥቼ ገባሁበት። እማዬ፣ እንዴት ይከብዳል። ቀዝቃዛ ነው፣ እንደ ድንጋይ ይጫናል፤ ጭስና ጭቃ፣ የብዙ ሴት ፀጉር ይሸታል። ጋሽ ማሞ ከኋላ ሆነው ቀስ ብለው «ሁለት ጊዜ ተጠመቀች» አሉ። ሰዉ ሳቀ። አባዬም ውሃው ውስጥ እንደቆመ ሳቀ፤ ከሄድሽ ወዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።

ሁሉ ነገር ተለወጠ ብዬ አልዋሽሽም። በዚህ ሳምንት ወርቂቱ እትዬ ዘነበች ደጅ ከሰል አውርዳ ነበር። ሰላም ያሏት በስሟ ነው፤ ውሃ የሰጧት ግን በዚያው ጣሳ ነው። ገና ነው። እኔ ግን አንድ ነገር አውቄያለሁ፤ መናገር የማይችል ሰው መቆም ይችላል። በመስከረም ትምህርቴን ከተውኩበት እቀጥላለሁ፤ ለአባዬ ነግሬዋለሁ። ከትምህርት መልስ በሽተኛ ጥየቃ ከሴቶቹ ጋር እሄዳለሁ፤ መጸለይ ባልችል እንኳ ዕቃ አጥባለሁ። ወርቂቱም ለንባብ ስትመጣ በፊት ለፊት በር እንድትገባ ጠይቄያታለሁ። «እስቲ አስብበታለሁ፤ የጓሮው ለእኔ ይቀርባል» ብላኛለች። እጠብቃታለሁ።

ጋቢሽን ወደ ሳጥን አልመለስኩትም። በውሃ ብቻ አጥቤው ከጓሮው በር ጀርባ ሚስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ። ጫፉ ላይ ያ ቀይ ጭቃ ተመልሷል፤ በረኪና እንዳይነካው ለሁሉም ተናግሬያለሁ። ሳጥኑን ጽዮን ወርሳዋለች። አባዬ በበሩ ባለፈ ቁጥር እጁን ጋቢው ላይ ጣል ያደርጋል።

ወንዙ በጠራ ቁጥር ያ ድንጋይ አጠገብ ታገኚኛለሽ። ያኔ ጫማዬን የሚይዝልኝ አንድ የሚያፍር ልጅ እፈልጋለሁ፤ በየመንደሩ አይጠፋም። አንቺን ሳጥን ውስጥ በተቀመጠ ደረቅ ጋቢ አላስታውስሽም።

ልጅሽ፣
ምሕረት